ገባ ማለት ገጠመ ማለት አይደለም

ያረጀ ሞተር ብስክሌት ፈታትቶ እንደገና ለመግጠም የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቀው ለፒስተኑና ለቴስታታው ነው። ብሎንና ዳዶን ግን ከየትም የሚገኙ ተራ ዕቃዎች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። አንዱ ብሎን ቢጠፋበት ከቆርቆሮ ውስጥ ሌላ ያነሣና ይሞክራል፤ ሁለት ዙር ከዞረለት «ገባ» ይላል፤ ካስቸገረው ደግሞ በመፍቻው ላይ ቱቦ ቀጥሎ በጉልበት ያስገባዋል። እኔ በዚህ ልማድ አልስማማም። ሊድኑ ይችሉ የነበሩ ብዙ አሮጌ ሞተሮች የተበላሹት በእርጅና ሳይሆን በተሳሳተ ብሎን ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን በአራዳና በፒያሳ በኩል ብናየው ይበልጥ ይገለጥልናል። ብሎን፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ካቻቪቴ፣ ቴስታታ የምንላቸው ቃላት ሁሉ ከጣሊያንኛ የተወሰዱ ናቸው፤ ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ እንዲሁ። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን ጣሊያኖች መኪናና ሞተር ብስክሌት ይዘው ሲገቡ የጥገናው ቋንቋ አብሯቸው ገባ፤ እነሱ ተሸንፈው ከወጡ በኋላም ቋንቋው በየጋራዡ ቀረ። የጣሊያን ሞተር ብስክሌት ብሎን የሚለካው በሚሊሜትር ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ ሀገራችን የመጡት ተሽከርካሪዎች ግን የአንድ ሀገር ሥሪት አልነበሩም። እንደ ኖርተን፣ ትራያምፍና ቢ.ኤስ.ኤ. ያሉት አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌቶች በኢንች የተሠሩ ናቸው፤ የአሜሪካውም በኢንች ነው፤ ጥርሱ ግን ከእንግሊዙ ይለያል። እንግዲህ ዕቃው ብዙ ዓይነት ሲሆን ቃላችን አንድ ብቻ ነው፦ «ብሎን»። ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ ይመስለኛል።

የጥርሱ መለያየት የራሱ ታሪክ አለው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1841 የብሎን ጥርስ በሀገሩ አንድ ወጥ እንዲሆን ሐሳብ ሲያቀርብ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው። አሜሪካዊው ዊልያም ሴለርስ ደግሞ በ1864 60 ዲግሪን መረጠ፤ ምክንያቱም ለመሥራት ይቀላል የሚል ነበር። በሚሊሜትር የሚለካው ብሎንም 60 ዲግሪን ያዘ። አሜሪካ፣ እንግሊዝና ካናዳ በአንድ ጥርስ የተስማሙት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንዱ የሌላውን መሣሪያ ለመጠገን ከተቸገረ በኋላ፣ በ1948 ነው። የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ፋብሪካዎች ግን ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት የቀድሞውን ጥርስ አልተዉም።

ከሁሉ የሚያታልለው ደግሞ ተቀራራቢው ነው። የእንግሊዙ 5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊሜትር ሲሆን፣ የሌላው 8 ሚሊሜትር ነው። ይህን ልዩነት ዐይን አይለየውም። ነገር ግን በባለ 8 ሚሊሜትሩ ብሎን ከአንድ ጥርስ ጫፍ እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 1.25 ሚሊሜትር ነው፤ በዊትዎርዙ 1.41 ነው። ስለዚህ አንዱ በሌላው ቀዳዳ ጥቂት ዙር ከገባ በኋላ ይይዛል። በዚያን ጊዜ በጉልበት የሚያዞረው ሰው ብሎኑን የሚያስገባ ይመስለዋል፤ በእርግጥ ግን የቀዳዳውን ጥርስ እየላጠ ነው። ቀዳዳው አልሙኒየም፣ ብሎኑ ብረት ነውና የሚሸነፈው ማን እንደሆነ መናገር አያሻም። የ1/4 ኢንቹ ነገር ከዚህም የባሰ ነው። የዊትዎርዙም የአሜሪካውም ባለ ሰፊ ጥርስ ብሎን በአንድ ኢንች ውስጥ 20 ጥርስ ስላላቸው አንዱ በሌላው ዳዶ እስከ መጨረሻው ሊገባ ይችላል። ማዕዘናቸው ግን ስለሚለያይ ጥርስ በጥርስ ላይ ሙሉ ፊቱን አያሳርፍም፤ ሞተሩ ሲነዝር ይላላል።

ይህን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የተማሪ ማስመሪያ ይበቃል። ብሎኑን በሳሙና ላይ ተጭናችሁ አሻራውን ካነሣችሁ በኋላ ከመጀመሪያው ጥርስ ጫፍ እስከ ዐሥራ አንደኛው ለኩ። 12.5 ሚሊሜትር ከሆነ ባለ 8 ሚሊሜትሩ ነው፤ ከ14 ጥቂት ካለፈ የዊትዎርዙ 5/16 ነው። ቀዳዳውንም ከቆሻሻና ከአሮጌ ዘይት አጽዱት። በጸዳ ቀዳዳ በጣት ብቻ የማይዞር ብሎን የዚያ ቀዳዳ አይደለም፤ ወይም ጥርሱ ቀድሞ ተጎድቷል። መፍቻ ለማጥበቂያ እንጂ ለማስገቢያ አልተሠራም።

«ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ነው፤ ድሃው መካኒክ ያገኘውን ነው የሚገጥመው» የሚሉኝ ይኖራሉ። ክርክሩ ቀላል አይደለም። የአራዳ ገበያ በወረራው ዘመን ወደ ምዕራብ ተወስዶ መርካቶ ሆነ፤ ብሎን ፈላጊም ከፒያሳ ተነሥቶ ያንኑ አቅጣጫ ይከተላል፤ መለዋወጫውን በሱማሌ ተራ፣ አሮጌ ብረቱን በምናለሽ ተራ ይፈልጋል። የሚፈልገውን ላያገኝ ይችላል። እኔ የምለው ግን አዲስ ብሎን ከውጭ ያስመጣ አይደለም፤ ናሙናውን ይዞ ቶርኖ ቤት ይሂድ ነው። ጥርሱ በትክክል ተለክቶ በቶርኖ የወጣ ብሎን ከሚያብረቀርቅ ግን ከማይገጥም ብሎን ይሻላል። በተለይ በማይዝገው አትታለሉ። በራሱ ላይ 8.8 የተጻፈበት ብሎን በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 640 ኒውተን ያህል እስኪደርስ ተስቦ አይቀርም፤ የተለመደው የማይዝግ ብሎን ግን ከ450 ጀምሮ ሊሳብ ይችላል። ለመብራት መያዣ ይሁን፤ ለቴስታታ ግን አይሆንም።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች ብዙው ክፍል ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስለ ሕንፃዎቹ ብዙ ተባለ፤ መባሉም ተገቢ ነበር። ስለ አሮጌ ብሎን ቆርቆሮ ግን የሚከራከር አይገኝም፤ በኪሎ ተመዝኖ ይሸጣል። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ቆርቆሮ ካለ ከመሸጡ በፊት ለዩት፤ የኢንቹን ለብቻ፣ የሚሊሜትሩን ለብቻ አስቀምጡ። ለአንድ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት የሚሆነው ብቸኛ ዳዶ እዚያ ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ሞተር ስትፈቱ ደግሞ የሽፋኑን ቅርጽ በካርቶን ላይ ሣሉና እያንዳንዱን ብሎን በየቦታው ሰክታችሁ አስቀምጡ። ርዝመታቸው እኩል አይደለምና ረጅሙ በአጭሩ ቀዳዳ ቢገባ ታችኛውን ጫፍ መትቶ ሽፋኑን ይሰነጥቃል። የቴስታታው ዳዶዎች ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ ከአንዱ ወደ ተቃራኒው እየተሻገሩ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጠበቃሉ። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ስለሚለጠጥ፣ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቶ በሚገባ ከቀዘቀዘ በኋላ አንድ ጊዜ ደግማችሁ ፈትሿቸው።