ያለ ቆጣሪ መኖር ርካሽ አይደለም

ሰሞኑን ቲክቶክ ላይ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በዝቷል። አንድ ወጣት ከተማውን ጥሎ ጫካ ዳር ካለች የእንጨት ጎጆ ይገባል። መብራት የለም፣ ቧንቧ የለም። እሳት ያነድና ቡናውን አፍልቶ "ነፃነት ማለት ይህ ነው" ይላል። ከሥሩ የእኛም አገር ልጆች "ምነው እኔም በሆንኩ" እያሉ ይጽፋሉ።

እኔ እንዲህ ባለ ቤት አንድ ዓመት ከአራት ወር ኖሬያለሁ። ቤቱ ግን ጫካ ውስጥ አልነበረም። አቃቂ ቃሊቲ ነው፣ ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወጣ ብሎ። ማታ በር ላይ ስቆም የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ መብራት ወለል ብሎ ይታየኛል። ከፍተኛ ኃይል የተሸከሙት የብረት ምሰሶዎችም ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቁ ያልፋሉ። እኛ ቤት ግን ቆጣሪ የለም።

እውነቱን ለመናገር ማንም አስገድዶ አላስገባኝም። በፍሪላንስ የሚሠራ ጋዜጠኛ ገቢው አንድ ወር አለ፣ ሁለት ወር የለም። የነበርኩበት ቤት ኪራይ ሲጨምር ግማሽ ዋጋ የሆነ ክፍል አገኘሁ። "መብራት የለውም እንጂ ጸጥታው ለጽሑፍ ይመቻል" ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንዲያውም ስለ ኑሮዬ እጽፋለሁ ብዬ ማስታወሻ ደብተር ገዝቼ ነበር።

ደብተሩ ውስጥ የቀረው ግን የወጪ ዝርዝር ነው። ውኃ በአህያ ጋሪ፣ በጀሪካን ተቆጥሮ ይገዛል። ስልክ ሱቅ ተሰጥቶ በክፍያ ቻርጅ ይደረጋል። ላፕቶፔን ቻርጅ ለማድረግ ካፌ እገባለሁ፤ ካፌ ባዶ እጅ አያስቀምጥምና ማኪያቶ አዝዛለሁ፤ ሥራው ሲረዝም ሁለተኛ አዝዛለሁ። ከሰል አለ፣ ሻማ አለ። ትንሽ የሶላር መብራት ገዛሁ። እስከ ሰኔ በደንብ ሠራች፤ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ስትጠፋ እሷም ከሻማው ጋር ተደረደረች። በወሩ መጨረሻ ስደምረው ከኪራይ አተረፍኩ ያልኩት ብር ከግማሽ በላይ በዚሁ አልቋል።

ለእኔ ይህ ችግር ነበር ማለት ይከብደኛል፤ ሲብስብኝ ጥዬ መውጣት እችል ነበር፣ ደግሞም ወጣሁ። እንደዚያ የማይችሉት አከራዬ ነበሩ። እማማ እላቸዋለሁ። ስኳር በሽታ አለባቸው፣ ኢንሱሊን ይወጋሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሲየስ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። እማማ የሚያስቀምጡት እርጥብ አሸዋ በተሞላ ማሰሮ ውስጥ፣ ከአልጋቸው ሥር ነው። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ ያርከፈክፉታል፣ ያንኑ በጀሪካን የገዙትን ውኃ።

አንድ ቀን "እማማ፣ ፍሪጅ ያለው ጎረቤት የለም እንዴ?" አልኳቸው።

"ፍሪጅ ያለውማ ማዶ ኮንዶሚኒየም ነው ልጄ። በዚህ ጉልበቴ መርፌዬን ይዤ ጠዋት ማታ ደረጃ ልውጣ?"

ማሰሮው ብልሃት ነው፤ በሞቃት አገር ብዙ ሕመምተኞች የሚጠቀሙበት፣ ከምንም የሚሻል ዘዴ ነው። ነገር ግን መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ቆርቆሮው ሲግል ያ ማሰሮ ምን ያህል እንደሚያስተማምን እኔም እሳቸውም አናውቅም ነበር።

እኚህ ሴት ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ ገዝተዋል። ወረቀቱን በሻማ ብርሃን አውጥተው አሳይተውኛል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ በጎረቤት ሬዲዮ ሰምተው እልል ብለዋል። 5,150 ሜጋዋት! እኔም ደስ ብሎኛል፤ በ8100 አጭር መልእክት የላክሁት ሳንቲም አለበት። ግን እልልታውን የሰማሁት ጨለማ ውስጥ ሆኜ ነው።

ሰፈሩ ከታሪክ አንጻርም ያስገርማል። ከመቶ ዓመት በፊት በአቃቂ ወንዝ ላይ አነስተኛ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተተክሎ ለከተማዋ ትንንሽ ፋብሪካዎች ኃይል ይሰጥ ነበር። ቀጥሎ በዚያው ወንዝ ላይ የአባ ሳሙኤል ግድብ ተሠራ፤ ለብዙ ዓመት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2009 ዓ.ም. 6.6 ሜጋዋት ማመንጨት ጀመረ። ከአቃቂ የውኃ ጉድጓዶች የሚሳበው ውኃም መሀል ከተማውን ያጠጣል። መብራቱም ውኃውም ከዚሁ አካባቢ ይነሣል፣ እማማን ግን አልፏቸው ይሄዳል።

ለምን? ሽቦ ስለጠፋ አይደለም። ወረቀት ስለሌለ ነው። ቆጣሪ ለማስገባት የይዞታ ማረጋገጫ ወይም የወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ ይጠየቃል። እማማ ቦታውን ከገበሬ በውል ነው የገዙት። አዲስ አበባ ውስጥ ሰነድ አልባ ይዞታ ሲስተናገድ የ1988 እና የ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታዎች መስፈርት ሆነው ቆይተዋል። የእሳቸው ቤት የተሠራው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ካርታው ላይ የለም። የሊዝ አዋጁ (ቁጥር 721/2004) መደበኛ ያልሆኑ ይዞታዎች በ4 ዓመት ውስጥ ሥርዓት እንዲይዙ ብሎ ነበር። 4 ዓመቱ ካለፈ ስንት ዓመቱ!

ቆጣሪ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል? ከጎረቤት ይቀጥላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በደረጃ የተከፈለ ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ዋጋው ዝቅተኛው ነው፣ ከ500 በላይ ለሚሄድ ከፍተኛው። የታሰበው ለድሃ ነው። ግን አሥር ድሃ ቤቶች እያንዳንዳቸው 50 እየተጠቀሙ ከአንድ ቆጣሪ ቢቀጥሉ ቆጣሪው 500 ያነባል፤ አሥሩም እንደ አንድ ሀብታም ቤት ይታያሉ። ባለ ቆጣሪው ደግሞ የራሱን ጨምሮበት ያከፋፍላል። በላዩ ላይ በጭቃ ግድግዳ የተሳበው ቀጭን ሽቦ የእሳት አደጋው አለ። ለድሃ የተደረገው ድጎማ ከሁሉ የባሰውን ድሃ ሳያገኘው ይቀራል ማለት ነው።

"ቆጣሪ ከተሰጣቸው ሕገ ወጥ ወረራ ይስፋፋል፣ ነገ የመብራት ቢል ይዘው ካርታ ይጠይቃሉ" የሚል መልስ እሰማለሁ። ይህ ስጋት ከንቱ አይደለም። በከተማው ዳርቻ መሬት በደላላ ሲቸበቸብ ሁላችንም አይተናል፤ የተጎዳውም ብዙ ጊዜ ገበሬው ነው። ነገር ግን መፍትሔው አንድ መስመር መጻፍ ነው፦ "ይህ ውል የይዞታ ማስረጃ አይሆንም።" በሕንድ አህመዳባድ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ መደበኛ ባልሆኑ ሰፈሮች የኤሌክትሪክ አቅራቢው የመሬት ወረቀት መጠየቁን ትቶ፣ ነዋሪው ፈርሞ ኃላፊነት እንዲወስድ በማድረግ ሕጋዊ ቆጣሪ አስገብቷል። ነገ ቦታው ለልማት ቢፈለግ ቆጣሪ ይነሣል። ማሰሮ ውስጥ የተበላሸ ኢንሱሊን ግን አይመለስም።

በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ2025 ሁሉም ዜጋ መብራት ያገኛል፤ 65 በመቶው ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶው እንደ ሶላር ካሉ ከመስመር ውጭ ካሉ አማራጮች ብሎ ነበር። እማማ ከሁለቱም አይደሉም። ለሶላሩ ዕቅድ መስመሩ አጠገባቸው ነው፤ ለመስመሩ ደግሞ ወረቀት የላቸውም። የከተማ ዳርቻ ሰው ማለት በዚህ መሀል የወደቀ ሰው ነው።

ወደ ቪዲዮው ልመለስ። ከመስመር ወጥቶ መኖርን አልነቅፍም። ባሕታዊ መርጦ ይመንናል፣ እናከብረዋለን። አሜሪካዊው ሄንሪ ዴቪድ ቶሮም እ.ኤ.አ. በ1845 ዋልደን ኩሬ ዳር ጎጆ ሠርቶ ከሁለት ዓመት በላይ ኖሯል። ቦታው ግን የወዳጁ የኤመርሰን ነበር፣ የእናቱ ቤትም በእግር የሚደረስ ነበር። መመለስ የሚችል ሰው የሚኖረው ጨለማና መመለስ የማይችል ሰው የሚኖረው ጨለማ አንድ አይደለም።

እኔ አሁን መብራት ያለው ክፍል ተከራይቻለሁ። ውድ ነው፣ ግን እከፍላለሁ። ባለፈው እሑድ እማማን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ማሰሮው እዚያው ነው። አሸዋውን ነካሁት፤ ለብ ብሏል።

ወረዳና መብራት ኃይል የምትሠሩ የዚህ ቻናል አንባቢዎች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ያን አንድ መስመር መጻፍ የሚከለክለው ምንድን ነው? የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ መልሳችሁን እዚሁ አወጣዋለሁ።