ስም ጠሪዋ

የቀድሞ ተማሪዎች ይሰባሰቡ ሲባል ኮሚቴው ቀድሞ የሚያፈላልገው ዶክተሩን፣ ኢንጂነሩን፣ ኮሎኔሉንና አሜሪካ ያለውን ነው። ቲሸርት ይታተማል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ ለትምህርት ቤቱም ኮምፒውተር ይበረከታል። አልነቅፈውም፤ ኮምፒውተሩም ያስፈልጋል። ብቻ ከመድረክ የሚነበበውን የስም ዝርዝር ልብ ብላችሁ አድምጡት። የሴት ስም እስኪመጣ ብዙ ትጠብቃላችሁ።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ወሎ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋትም። ደሴ ያለው ዝነኛ ትምህርት ቤት የሚጠራው በሴት ስም ነው፦ ወይዘሮ ስህን። የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ትምህርት ቤቱ ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኖም ስማቸውን እንደያዘ አለ። ይሁንና ወይዘሮ ስህን ሲነሣ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ዋለልኝ መኮንን ነው፤ ቀጥሎ ብርሃነ መስቀል ረዳ። በተማሪው ንቅናቄ ታሪክ የያዙትን ቦታ ማንም አይነጥቃቸውም፣ ይጠሩ። በዚያው ግቢ፣ በዚያው ደወል የገቡና የወጡ ሴቶችን ስም የሚቆጥርልኝ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በሩ ላይ ሴት ተጽፋለች፣ ትዝታው ውስጥ ግን የለችም።

የወይዘሮ ስህን ልጅ እቴጌ መነን የተወለዱት አምባሰል ነው። ለእኛ ለሀብሩ ወረዳ ሰዎች አምባሰል ጎረቤት ነው፤ ከመርሳ ተነሥቶ ውርጌሳን ያለፈ መኪና የሚገባው እዚያው ነው። እቴጌዪቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1931 በስማቸው የሚጠራውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አስከፈቱ፤ ያስከፈቱት ግን አዲስ አበባ ነው። መጀመሪያ የገቡትም በአብዛኛው የመኳንንትና የሹማምንት ልጆች ነበሩ። የእኛ የየጁ ገበሬ ልጅ በዚያ በር ታልፋለች ብሎ ያሰበ የነበረ አይመስለኝም። ቢሆንም ትምህርት ቤቱ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን የመሰሉ ሴት አገኘ። ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአርበኞች ጋር ወጥተው ተይዘው አዚናራ ደሴት የታሰሩ ሰው ናቸው። ከነጻነት በኋላ በመነን አስተማሩ፣ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተርም ሆኑ፣ ለተማሪዎቻቸው ቴአትር እየጻፉ መድረክ ላይ አወጧቸው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሴቶች እንዲመርጡና እንዲመረጡ በፈቀደ ማግስት ሕዝብ መርጧቸው ፓርላማ ገቡ፤ ለሴት የመጀመሪያው ነበር። አብዮቱ መጥቶ የእቴጌዪቱን ስም ከበሩ አነሣና ትምህርት ቤቱን የካቲት 12 አለው። እኔ የማውቃቸው የዚያ ዘመን እመቤቶች ግን ዛሬም ሲጠየቁ “የመነን ልጅ ነኝ” ነው የሚሉት።

የልጃገረዶች ትምህርት ቤት አንድ ነገር ያተርፋል። መዝገቡ ከላይ እስከ ታች ሴት ስለሆነ፣ ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ቢፈልግም ሴቶቹን መዝለል አይችልም። ወልድያና መርሳ የተማርን ሴቶች ግን የተማርነው ከወንድ ጋር ተቀላቅለን ነው። እኛን የለየን “ፆታ” ከሚለው አምድ ሥር የተጻፈች “ሴ” ብቻ ነበረች።

የዚያች “ሴ” መንገድ ደግሞ የታወቀ ነው። ከገጠር ቀበሌ የመጣች ልጅ የስምንተኛን ሚኒስትሪ ካለፈች ዘጠነኛ ለመማር ወደ ከተማ ትወርዳለች። ሦስት አራት ሆነው አንዲት ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። የማሽላ እንጀራው፣ ሽሮው፣ ቆሎው በገበያ ቀን በአህያ ወይም በአይሱዙ ጀርባ ይላካል። ዝናብ መንገድ ከዘጋ ስንቅ ይቀራል፤ ስንቅ ከቀረ ደግሞ ልጅቱ “እስከሚመጣ” ብላ ቤቷ ትሄዳለች፣ እዚያ ሽማግሌ ተቀምጦ ይጠብቃታል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ካደረገ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሽማግሌው ግን ዕድሜ የሚቆጥረው በራሱ መንገድ ነው። ከሽማግሌው ያመለጠችውን ደላላ ያገኛታል። ሀብሩ ለአረብ አገር ስንት ሴት ልጅ እንደሸኘ የመርሳ መናኸሪያ ያውቃል። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከመቶ ስልሳ ሺህ የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከአውሮፕላን ከወረዱት ውስጥ የወሎ ልጆች ቀላል አልነበሩም። ብዙዎቹ የአንድ ክፍል ልጆች ነበሩ፣ እንደገና የተገናኙት ቦሌ ላይ።

መርሳ ገበያ ውስጥ ማንጎ የምትሸጥ አንዲት ሴት አለች። ሂሳቡን ያለ ስልክ፣ ያለ ጣት፣ ቃሌን ሳልጨርስ መለሰችልኝ። እስከ ስንት ተማርሽ አልኳት።

“ሰባተኛ ለ ነበርኩ፣ እትዬ” አለች። ስንተኛ ክፍል ድረስ እንደተማረች ብቻ ነበር የጠየቅኋት፤ ሴክሽኑን የጨመረችው እሷ ናት። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት የክፍሏን ስም መጥራት ጀመረች፤ በፊደል ተራ፣ ከነአባታቸው፣ የሆም ሩም መምህሯ በሚጠሩበት ዜማ። አንድም አላደናቀፋትም። መሐል ላይ ስትደርስ ሳቅ ብላ “ከእኔ በፊት የምትጠራው ከቀረች፣ እኔ አቤት ከማለቴ በፊት ‘አሟታል ቲቸር’ እልላት ነበር” አለችኝ። ማንጎውን በፌስታል እየቋጠረች “ኋላ እኔ ቀረሁ፤ ለእኔ አሟታል ያለልኝ ይኑር አይኑር አላውቅም” ብላ ጨመረች።

እኔ ከአንድ በላይ ትምህርት ቤት ተመርቄ፣ የአንዱንም ክፍል ስም እንዲህ ልጠራ አልችልም። አዲስ ክፍል የድሮውን እያስረሳን፣ አዲስ ጓደኛ የድሮዋን እየሸፈነብን ነው ያለፍነው። ሰባተኛ ላይ ያቆመች ልጅ ግን የመጨረሻ ክፍሏ ሰባተኛ ነው፤ በላዩ የተጻፈበት የለም። ስለዚህ የአንድ ትምህርት ቤት ታሪክ ከማን አፍ ይወሰድ ብትሉኝ፣ መድረክ ላይ የሚወጣውን ባለ ዲግሪ ትታችሁ ያቋረጠችውን ፈልጉ እላለሁ።

ይህን የምለው ለትዝታ ብዬ ብቻ አይደለም። ወልድያና መርሳ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች እጅ በቆዩባቸው ወራት ወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ በክልሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ትምህርት ቤቶች ወደሙ ወይም ተጎዱ። ወንበርና ላቦራቶሪ የነካ እጅ ለመዝገብ ቤትም አልራራም። ወንበር በእርዳታ ይተካል። የተቀደደ ሮስተር የሚሰጥ ለጋሽ ግን አላየሁም። ትንፋሽ ሳይሰበሰብ በ2015 መጨረሻ የተነሣው ጦርነት ደግሞ በአማራ ክልል ሚሊዮኖችን ከክፍል አስወጣ። ያቺ የማንጎ ነጋዴ ነገ የማታ ትምህርት ልማር ብትል “ማስረጃ አምጪ” መባሏ አይቀርም። በምስክር ቃል የወራሽነት ማረጋገጫ የምንሰጥ ሰዎች፣ አብረዋት የተፈተኑ ሦስት ጓደኞቿ ቢመሰክሩላት በምዘና ፈትነን የማንመልሳት ለምንድን ነው?

የየክፍሉን ስም ዝርዝር፣ ያቋረጡትንም ጨምሮ፣ እንደገና የመጻፍን ሐሳብ ላዋየኋቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አልተዋጠላቸውም። “ያቋረጠችውን ስም አውጥቶ መጻፍ ማዋረድ ነው፤ ባሏ፣ ልጆቿ ያነቡታል” አሉኝ። ቁም ነገር አለው። መልሴ፣ ለምን እንዳቋረጠች አይጻፍ የሚል ነው። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ ክፍሏ፣ ዓመተ ምሕረቱ፣ በቃ። እሱም እሷን አስፈቅዶ። ለነገሩ ኀፍረቱ ካለ የእሷ አይመስለኝም።

ከተማሪዎቹ የባሰ የተረሱት ደግሞ ሴት መምህራኖቻችን ናቸው። ወንዶቹን ከነቅጽል ስማቸው እናስታውሳለን። ሴቶቹን “ቲቸር” እያልን ነው ያሳለፍናቸው። ከደሴ መምህራን ማሠልጠኛ ገና በለጋ ዕድሜያቸው ወጥተው፣ ዕጣ ያደረሳቸው ቀበሌ በእግራቸው ገብተው፣ ያለ መብራት የኖሩ ናቸው። እኔን የክፍልፋይ ሂሳብ ያስተማሩኝ መምህርት ሰሌዳ ፊት ቆሜ እንባ ሲተናነቀኝ “አብሽሪ፣ ቁጥሩ የትም አይሄድ” ይሉኝ ነበር። ጠመኔ የነካው ሹራባቸው እስከ ክርኑ ነጭ ነበር። የአባታቸውን ስም ግን አላውቀውም፤ አብረውኝ ከተማሩትም የሚያውቅ አላገኘሁም። ማንጎ ሻጮቹን መጠየቅ ሳይኖርብኝ አይቀርም።

እንግዲህ የሚቀጥለው ስብሰባ ኮሚቴ ቢሰማኝ፣ ኬኩ ይቆይና መጀመሪያ ለየክፍሉ አንዳንድ ደብተር ይገዛ። ደብተሩን ይዞ ወደ ገበያው፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ፣ ወደ ጊራና፣ ወደ ሲሪንቃ የሚሄድ ሰው ይመደብ። ጅዳና ሪያድ ያሉት በድምፅ ይላኩልን፤ አሠሪዎቻቸው ከተኙ በኋላ ስልክ እንደሚይዙ ታውቃላችሁና መልሱን ሌሊት ጠብቁት። ሲያልቅ አንዱ ቅጂ ለትምህርት ቤቱ፣ አንዱ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ ለወልድያ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፤ አንድ ቦታ የተቀመጠ መዝገብ ምን እንደሚደርስበት አይተናልና። እና የአያት ስም አይዘለል፤ ሀብሩ ውስጥ በአንድ ክፍል ሦስት ፋጡማ መሐመድ ማግኘት ብርቅ አይደለም።