አዲሱን አሠልጣኝ በምን እንመዝነው?

ቅዳሜ ማታ የላሊበላ ገበያ ተበትኖ፣ ከላስታ ደጋ እህልና በግ ይዘው የመጡ ሰዎች ወደየቀያቸው ሲመለሱ፣ የከተማው ወጣቶች ቴሌቪዥን ካለበት ሻይ ቤት ይሰበሰባሉ። ጨዋታው ሳይጀመር ክርክሩ ይጀመራል። ርእሱም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ አዲሱ አሠልጣኝ ከቀድሞው ይሻላል ወይስ ያንሳል? አንዱ፣ «የቀድሞው ተከላካይ ከመደርደር በቀር ሌላ አያውቅም ነበር፤ ይኸኛው ኳስ ያስጫውታል» ይላል። ሌላው፣ «ቢያስጫውትስ ነጥቡ የታለ?» ብሎ ይመልስለታል። እናንተም የአንዱን ወገን ይዛችሁ ሳትከራከሩ የቀራችሁ አይመስለኝም። እኔም ተከራክሬአለሁ፤ ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ማስረጃ።

ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነት ፍርድ አንድ ሰው እንጀራውን ያጣል፤ ሌላው ደግሞ ያልደከመበትን ምስጋና ይወስዳል። ከሁሉ የከፋው ግን ቡድኑ ራሱ ምን እንደ ጠቀመውና ምን እንደ ጎዳው ሳያውቅ በየጊዜው እንደ አዲስ መጀመሩ ነው። በላስታ ደጋ ገብስ የሚዘሩ ሁለት ገበሬዎችን የሚያወዳድር ሰው የበልጉ ዝናብ በማን ማሳ እንደ ጣለና በማን ማሳ እንደ ቀረ ሳይጠይቅ በጎተራው ብቻ አይፈርድም። አሠልጣኞችን ስናወዳድር ግን ነጥቡን ቆጥረን ብቻ እንፈርዳለን። ይህ ስሕተት ነው እላለሁ፤ ስሕተት መሆኑንም በተፈጸመ ነገር ላሳያችሁ።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በጥር 2014 ዓ.ም. በካሜሩን ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ ያለፈው ከስድስት የማጣሪያ ጨዋታዎች በኋላ ነበር። በምድቡ ውስጥ የነበሩት ተጋጣሚዎች አይቮሪ ኮስት፣ ማዳጋስካርና ኒጀር ናቸው። እነዚህን ስድስት ጨዋታዎች የመራቸው ግን አንድ ሰው አልነበረም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም.፣ አሠልጣኝ አብርሃም መብራቱ መሩ። በመካከሉ የኮሮና ወረርሽኝ ውድድሩን አቋረጠው፤ የአብርሃምም ውል ሳይታደስ ቀረና የቀሩትን አራት ጨዋታዎች አሠልጣኝ ውበቱ አባተ ተረከቡ። አንድ ማጣሪያ፣ አንድ ምድብ፣ ሁለት አሠልጣኞች፤ ለማነጻጸር ከዚህ የተመቸ አጋጣሚ በቀላሉ አይገኝም።

ውጤቱን እንመልከት። በአብርሃም ጊዜ ቡድኑ ወደ ማዳጋስካር ሄዶ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ኅዳር 9 ቀን ባሕር ዳር ላይ አይቮሪ ኮስትን 2 ለ 1 አሸነፈ። በውበቱ ጊዜ ወደ ኒጀር ሄዶ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም በአገሩ 3 ለ 0 አሸንፎ ብድሩን መለሰ። መጋቢት 15 ቀን 2013 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ረታ፤ በዚያው ሳምንት አቢጃን ላይ በአይቮሪ ኮስት 3 ለ 1 ተሸነፈ። ይህ የመጨረሻው ጨዋታ ዳኛው በሜዳው ላይ ታመው ስለ ወደቁ ሙሉው ሰዓት ሳይሞላ የቆመ ነው።

እንግዲህ ቁጠሩ። አብርሃም በሁለት ጨዋታ ሦስት ነጥብ፣ ውበቱ በአራት ጨዋታ ስድስት ነጥብ አገኙ። ለየጨዋታው ሲካፈል ለሁለቱም እኩል አንድ ነጥብ ተኩል ይደርሳቸዋል። ደግሞም ሁለቱም በአገራቸው ያደረጉትን ጨዋታ ሁሉ አሸነፉ፤ ከአገር ውጭ ያደረጉትን ሁሉ ተሸነፉ። በነጥብ ብቻ የሚፈርድ ሰው ከዚህ ተነሥቶ «እኩል ናቸው» ማለት በተገባው ነበር። በሻይ ቤቱ የተባለው ግን፣ «ውበቱ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቃን፤ አብርሃም ምን ሠራ?» የሚል ነበር።

አብርሃም የሠሩት ይህን ነው። ምድቡ ሲጠናቀቅ አይቮሪ ኮስት 13፣ ኢትዮጵያ 9፣ ማዳጋስካር 8፣ ኒጀር 4 ነጥብ ነበራቸው። የሚያልፉት ሁለት ብቻ ናቸው። የኅዳር 9 ቀኑ ጨዋታ በእኩል ውጤት ቢያልቅ ኖሮ ኢትዮጵያ በ7 ነጥብ ሦስተኛ ትሆንና ማዳጋስካር ታልፍ ነበር። በዚያ ቀን አይቮሪ ኮስት ገና በጅምሩ አግብቶ ሲመራ፣ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመልስ በቀለ ያገቧቸው ሁለት ግቦች ውጤቱን ገለበጡት። ያ ድል ባይኖር ኖሮ ከዓመት በኋላ ማዳጋስካር ላይ የገቡት አራት ግቦች ለጭብጨባ እንጂ ለካሜሩን ጉዞ ባልበቁ ነበር።

ስለዚህ ነገር ስጽፍ አንድ የራሴ ገጠመኝ ትዝ ይለኛል። ከመምህራን ማሠልጠኛ በዲፕሎማ እንደ ወጣሁ በላስታ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ተመደብሁ። የደረስሁት የትምህርቱ ዘመን ከተጋመሰ በኋላ ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ስለ ነበር ክፍላቸውን ተረከብሁ። ተማሪዎቹ በዓመቱ መጨረሻ በሚኒስትሪ ፈተና መልካም ውጤት አመጡ። በወላጆች ስብሰባ ላይ ስሜ ተጠርቶ ተጨበጨበልኝ፤ ስለ ቀድሞው መምህር አንድ ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። እኔም አልተናገርሁም። ደብተሮቻቸውን ሳርም የኖርሁት እኔ ስለ ሆንሁ፣ ዐረፍተ ነገር ማዋቀርን ማን እንዳስተማራቸው አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ከእኔ በፊት በነበሩት ገጾች ላይ የመምህሩ እርማት በቀይ ቀለም ተጽፎ ይታያል። በሚቀጥለው ዓመት ከመስከረም ጀምሬ ያስተማርኋቸው ልጆች ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። ያን ጊዜ ደግሞ፣ «የዘንድሮዎቹ ልጆች ደካሞች ናቸው» ተባለ። ይህንንም አላስተባበልሁም።

ወደ ኳሱ እንመለስ። ተረክቦ መቀጠልን ብቻ ሳይሆን ቦታንም እንረሳለን፤ ይህን ደግሞ ለላስታ ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ላሊበላ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከእርስዋ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ይነሣል። ከቆላ የመጣ እንግዳ ወደ አሸተን ማርያም ሲወጣ በየመታጠፊያው እየተቀመጠ ሲያለከልክ አይታችሁታል፤ ያንኑ መንገድ የአገሩ ልጅ እየዘፈነ ይወጣዋል። ልጁ ከእንግዳው የበለጠ የአረማመድ ስልት ስላለው ነውን? አይደለም፤ አየሩ የሳሳ ስለ ሆነና የልጁ ሰውነት ይህን ስለ ለመደ ነው። በ2001 ዓ.ም. በማራዶና የሚሠለጥነው፣ ሜሲን ያሰለፈው የአርጀንቲና ቡድን 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በላ ፓዝ ከተማ በቦሊቪያ 6 ለ 1 ተሸንፏል። ከዚህ ውጤት ተነሥቶ የቦሊቪያ ተጫዋቾች ከሜሲ ስድስት እጅ ይበልጣሉ የሚል ይኖራልን?

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ አላት፤ አቢጃን ግን ከባሕሩ ዳር ያለች፣ በሙቀትና በወበቅ የታወቀች ከተማ ናት። ስለዚህ ለአብርሃም የሚያደላው ወገን፣ «እርሳቸው አይቮሪ ኮስትን አሸነፉ፤ ውበቱ በዚያው ቡድን ተሸነፉ» ቢል፣ እርሱም በተራው ፍርድ ያጣምማል። አንዱ በደጋ፣ ሌላው በባሕር ዳርቻ ነው የተጫወቱት። ይህን ስል ደጋ ሁሉን ያሸንፋል ማለቴ አይደለም፤ መስከረም 29 ቀን 2014 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ እዚያው ባሕር ዳር ላይ 3 ለ 1 አሸንፎናል። ጆሃንስበርግም ከባሕር ዳር ብዙ የማታንስ ከፍታ እንዳላት ልብ ይሏል።

የተጋጣሚውም ነገር እንዲሁ ነው። አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው በ2005 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያበቁ አገር በደስታ ጮኸ፤ ጩኸቱም የሚገባቸው ነበር። የእርሳቸው ቡድን ያለፈው ቤኒንንና ሱዳንን በደርሶ መልስ ገጥሞ፣ በሁለቱም ጊዜ የግቡ ድምር እኩል ሆኖ ከአገር ውጭ ባገባው ግብ ነው። ተከታያቸው ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ ግን ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ ጋር ተመድበው በስድስት ጨዋታ አራት ነጥብ ብቻ አገኙ። አልጄሪያ በዚያው ዓመት በብራዚል በተደረገው የዓለም ዋንጫ ከምድቡ አልፎ የተመለሰ ቡድን ነበር። ባሬቶን ለመከላከል አልተነሣሁም፤ በአገራቸው ሜዳ አንድም ጨዋታ አላሸነፉም። ነገር ግን በጥቅምት 2007 ዓ.ም. ማሊን በባማኮ 3 ለ 2 ማሸነፋቸውን የሚያስታውስ ሰው ስንት ነው?

ይህ ሁሉ ተለይቶ ከተቀመጠ በኋላ የሚቀረው ስልቱ ነው። በዚህ ላይ እኔ ወገን አለኝ፤ አልደብቃችሁም። ውበቱ አባተ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ቡናን ለሊጉ ዋንጫ ያበቁ አሠልጣኝ ናቸው፤ እምነታቸውም በአጭር ቅብብል፣ ኳስን ከበረኛ ጀምሮ በመሬት ይዞ በመውጣት ላይ ነው። ይህ ስልት ለተጫዋቾቻችን ይስማማል እላለሁ። ከምዕራብ አፍሪካ ተከላካዮች ጋር በአየር ኳስ የሚሻማ ግዙፍ አጥቂ በብዛት የለንም፤ በጠባብ ቦታ ኳስ የሚያቀባብል አማካይ ግን ሞልቶናል። ያለንን ትተን የሌለንን እየተመኘን ረጅም ኳስ ስንጠልዝ የኖርንበት ዘመን ብዙ ነው።

ወገን ያለው ሰው ግን ለወገኑ የማይመቸውን ማስረጃ አስቀድሞ መፈለግ ይገባዋል። በካሜሩኑ ዋንጫ ቡድኑ በኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ ተከላካዩ ያሬድ ባየህ ገና በጅምሩ በቀይ ካርድ ስለ ወጣ ከዚህ ጨዋታ ስለ ስልቱ ብዙ መናገር አይቻልም። ከካሜሩን ጋር ግን ዳዋ ሆቴሳ በአራተኛው ደቂቃ አግብቶ ብንመራም 4 ለ 1 ተሸነፍን፤ ኳስ መቀባበል ብቻውን የአየር ኳስ እንደማይመልስ በዚያ ቀን ታየ። ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። እንግዲህ ከሦስት ጨዋታ አንድ ነጥብ ማለት ነው።

ለስልቱ የሚበልጠውን ምስክር ያገኘሁት ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ሊሎንግዌ ላይ ነው። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ አግብተው ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፍን። ሞሐመድ ሳላሕ አልተሰለፈም ነበር፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ዳሩ ግን እኛም በደጋችን አልተጫወትንም፤ የአገር ሰው ጩኸትም አልነበረንም። ያም ሆኖ ከአራት ቀን በፊት በዚያው ሜዳ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸንፈን ነበር፤ ስለዚህ በግብጹ ድል ብቻ ሰክሬ እንዳልናገር ይህን ሁልጊዜ አጠገቡ አኖረዋለሁ።

ግብጽን በማላዊ ምድር ያስተናገድነው በምርጫችን አልነበረም። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ስታዲየሞቻችን መስፈርቱን አያሟሉም ስላለ፣ ብሔራዊው ቡድን ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ «በሜዳው» የሚባሉትን ጨዋታዎች በባዕድ አገር ማድረግ ጀመረ፤ ጋናን በጆሃንስበርግ፣ ግብጽን በሊሎንግዌ፣ ጊኒን በሞሮኮ። ውበቱ በ2015 ዓ.ም. ተሰናብተው ቡድኑ በ2016 ዓ.ም. በገብረ መድኅን ኃይሌ እጅ በገባ ጊዜ፣ ከሲራሊዮንና ከቡርኪና ፋሶ ጋር የተደረጉት የዓለም ዋንጫ ማጣሪያዎች ሁለቱም በሞሮኮ ነበሩ፤ አንዱ ያለ ግብ አለቀ፤ ሌላውን 3 ለ 0 ተሸነፍን። በሻይ ቤቱም ያ የታወቀው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ፤ «ይኸኛው ከውበቱ በምን ይሻላል?»

ውበቱ በዚያ ማጣሪያ ያገኟቸው ስድስት ነጥቦች በሙሉ የተገኙት በአገር ውስጥ ሜዳ ነው። ገብረ መድኅን ያ ሜዳ አልነበራቸውም። ስለዚህ ሁለቱን አስተካክሎ ማነጻጸር የሚፈልግ ሰው የባሕር ዳሩን ድል ወደ ጎን ትቶ ውበቱም በባዕድ ሜዳ ያደረጓቸውን ጨዋታዎች ብቻ መውሰድ አለበት። ከእነዚያም ውስጥ የግብጹ ድል እንደሚገኝ ሁሉ፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በጊኒ 2 ለ 0 እና 3 ለ 2 የተሸነፍንባቸው ሁለቱ ጨዋታዎችም ይገኛሉ፤ እነርሱን ደግሞ እኔ ብወድድም ባልወድድም ከውበቱ ሒሳብ ልፍቃቸው አልችልም።