ገዢው በእርግጥ ገብቶታል?

በቴሌግራምና በፌስቡክ የሚሸጡ ድርጅቶች አማርኛቸው ሲነቀፍ የሚሰጡት መልስ ተመሳሳይ ነው፤ «ገዢው ከገባው ይበቃል፤ ደግሞስ ሀሌታውን ሀ ከሐመሩ ሐ ለይቶ የሚጽፍ ማን ቀርቷል?» ይህ መልስ ሁለት የማይገናኙ ጉዳዮችን አንድ ላይ ያስራል። በሞክሼ ፊደላት ነገር ሊቃውንቱም አልተስማሙም። የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም. የቋንቋውን ስም በዐይኑ ዐ ጻፈ፤ በ1993 ዓ.ም. የወጣው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መዝገበ ቃላት ደግሞ በአልፋው አ። ስለዚህ «ዕቃ»ን «እቃ» ብሎ የጻፈ ነጋዴ የሚወቀስበት ምክንያት የለም። አንዱን መርጦ ይጽና እንጂ። «ፀጉር» እና «ጸጉር» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው የሚጽፍ የቅባት ሻጭ ከፊሉን ሸቀጡን ከሚፈልገው ሰው ይሰውራል።

ዋናው ችግር ግን ፊደሉ ሳይሆን ዓረፍተ ነገሩ ነው። በየገጹ የሚታየውን ዓይነት ማሳሰቢያ ለናሙና እንውሰድ፤ «የተሸጠ እቃ አይመለስም ከተበላሸ በስተቀር በ3 ቀን ውስጥ ይቀየራል»። አንድም አራት ነጥብ የለውም። ነጥቡን «በስተቀር» ከሚለው ቃል በኋላ ብናስገባ፣ የተበላሸ ዕቃ ተመላሽ ይሆናል፤ የማንኛውም ገዢ ዕቃም በ3 ቀን ውስጥ ይቀየራል። ነጥቡን «አይመለስም» ከሚለው በኋላ ብናደርገው ደግሞ ምንም ነገር አይመለስም፤ የሚቀየረውም ያልተበላሸው ብቻ ይሆናል። የተሰነጠቀ ስክሪን ያለው ስልክ የደረሰው ሰው በመጀመሪያው ንባብ ባለመብት ነው፣ በሁለተኛው ግን ባዶ እጁን ይቀራል። ፊደሉ ሁሉ ትክክል ነው፣ ቃላቱም ለማንም ይገባሉ፤ ሆኖም ሻጩና ገዢው የተስማሙበት ውል የትኛው እንደሆነ ጽሑፉ አይናገርም። ጭቅጭቅ ሲነሳ ደግሞ ትርጉሙን የሚመርጠው ገንዘቡን አስቀድሞ የተቀበለው ወገን ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ገዢው ግን በመጀመሪያ የሚያነበው ማሳሰቢያውን ነው፣ በሁለተኛው መንገድ ካነበበውም መብቱን ሳይጠይቅ ይቀራል። አንድ አራት ነጥብ ይህን ሁሉ ትከለክል ነበር።

ሱቅ ውስጥ ቢሆን ገዢው ዕቃውን አገላብጦ ያያል፣ ባለሱቁን ፊት ለፊት ይጠይቃል። በስልክ ሲገዛ ግን ያለው ጽሑፉ ብቻ ነው፤ ሚዛኑም፣ ደረሰኙም፣ ቃል ኪዳኑም እሱው ነው። «ገዢው ይገባዋል» የሚሉ ሰዎች ከማስታወቂያዎቹ ሥር የሚደረደሩትን ጥያቄዎች ያንብቡ። «ዋጋው የአንዱ ነው ወይስ የሁለቱ?» «ማድረሻው ነጻ የሆነው የት የት ነው?» እነዚህ የሚመጡት ካልገባቸው ሰዎች ነው፤ ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ሻጭ የሄዱትን ደግሞ ማንም አላያቸውም።

ጽሑፉ ግልጽ ይሁን ማለት ያልተማረውንና አማርኛ አፍ መፍቻው ያልሆነውን ነጋዴ ያስፈራል የሚል ተቃውሞ ይነሳል። አያስፈራም። በርበሬ የምትሸጥ ሴት «ኪሎው ይህን ያህል ነው፤ ሰኞና ሐሙስ አደርሳለሁ» ብላ ስትጽፍ ፊደሏ ቢዛነፍም ቃሏ አይዛነፍም። ወቀሳው የሚገባው ለፎቶግራፍ አንሺ፣ ለዲዛይነርና ለቲክቶክ አስተዋዋቂ ገንዘብ እያፈሰሱ ሦስት መስመር አማርኛ ለሚያርም ሰው ብር ለሚሰስቱ ትልልቅ ድርጅቶች ነው። እነዚሁ ድርጅቶች የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ ያስነብባሉ፤ አማርኛውን ግን ቢሮ ውስጥ ላገኙት ሰው ይሰጣሉ። ይህ የጊዜ እጥረት አይደለም፣ በቋንቋው ለሚገዛው ሕዝብ ያላቸው ንቀት ነው። ለደንበኛው የገባውን ቃል ደግሞ ለማንበብ ያልተጋ ድርጅት ያንን ቃል ይጠብቃል ብዬ አላምንም፤ ገዢውም ገንዘቡን ከማስተላለፉ በፊት ማሳሰቢያው በግልጽ እንዲጻፍለት ሊጠይቅ ይገባዋል፤ ካልተጻፈለትም አይክፈል።