አሮጌው ብስክሌት ምን አስተማረ?

በቤታችሁ ጥግ የቆመ አሮጌ ብስክሌት ካለ ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ይህን ታሪክ ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ፣ ማሪን በተባለው ተራራማ አካባቢ ያሉ ወጣቶች በወላጆቻቸው የልጅነት ዘመን የተሠሩ፣ ወፍራም ጎማ ያላቸው ብስክሌቶችን በርካሽ እየገዙ ከተራራ ቁልቁል ይወርዱባቸው ነበር። ብስክሌቶቹ ግን ለደልዳላ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ፍሬናቸው የሚይዘው ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ ነው። በረጅሙ ቁልቁለት ይግልና ውስጡ ያለው ግሪስ ጨሶ ያልቃል። ታች ሲደርሱ ፈትቶ አዲስ ግሪስ መሙላት ግድ ነበር። ከ1976 ጀምሮ የሚወዳደሩበት ቁልቁለት «ሪፓክ»፣ ማለትም «እንደገና መሙላት» የተባለው ለዚህ ነው። ፍሬሞቹም ይጣመማሉ፣ ይሰበራሉ።

ከተወዳዳሪዎቹ አንዱ ጆ ብሪዝ የአስፋልት ብስክሌት ፍሬሞችን በእጁ ይሠራ ነበር። ጓደኛው ቻርሊ ኬሊ ለተራራ የሚሆን ፍሬም እንዲሠራለት ጠየቀው። ብሪዝ የመጀመሪያውን በ1977 ለራሱ ሠራ፤ እስከ 1978 አሥር አደረሳቸው።

ቅርጹ ለየት ያለ ነው። ከተለመዱት ቱቦዎች ሌላ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከመሪው ሥር ተነሥተው፣ ኮርቻውን የተሸከመውን ቱቦ በግራና በቀኝ አልፈው፣ እስከ ኋላ ጎማ መያዣ ይዘልቃሉ። ሥራቸው ፍሬሙ ድንጋይና ጉድጓድ ሲመታው እንዳይጣመም ማጠንከር ነው። ብሪዝ አሮጌውን ግን ንቆ አልጣለም። «ሽዊን ኤክሴልሲዮር» የተባለው የድሮ ብስክሌት ቁልቁለት ላይ ለነጂው ስለሚታዘዝ የፍሬሙን አቀማመጥ ከእሱ ወሰደ። መልካሙን ይዞ፣ የሚሰበረውን አጠነከረ። ያ የመጀመሪያ ብስክሌት ዛሬ በአሜሪካ በስሚዝሶኒያን ሙዚየም ይገኛል።

እናትና አባቶች፣ ልጃችሁ ብስክሌቱን ሰብሮ ሲመጣ ከቁጣው በፊት የተሰበረውን ቦታ አብራችሁ እዩት። «ለምን እዚህ ጋ ተሰበረ?» ብላችሁ ጠይቁት። የብየዳውን ዙሪያ በጨርቅ ጠርጋችሁ መርምሩ፤ ቀለሙ በቀጭኑ ከተሰነጠቀ ብረቱም ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ባለሙያ ሳያየው አይነዳ። ጎማውን አንሥታችሁ አሽከርክሩና ፍሬኑን ያዙ፤ ወዲያው ካልቆመ ልጁ ቁልቁለት አይውረድበት።

አያቶች ደግሞ በእናንተ ጊዜ ብስክሌት እንዴት ይጠገን እንደነበር አሳዩዋቸው። መፍቻውን ግን ለልጁ ስጡት።