የእናትህን ፈተና አትፈተንላት



ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ያስቀይማል። የፈለገ ይቀየመኝ። አስተማሪ ሆኖ ሁሉንም ያስደሰተ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ጉዳዩ በተለይ ካናዳ የምንኖረውን ይመለከታል፤ ሌላ አገር ያላችሁም ግን አንብቡት፣ የራሳችሁን ነገር አታጡበትም። የካናዳ የዜግነት ፈተና እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት ይሰጣል። ሰውየው ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተሩ ይፈተናል። ጥያቄው 20፣ ሰዓቱ 45 ደቂቃ፣ ማለፊያው 15 ነው። ሊንኩ በኢሜይል ይመጣል፤ በ30 ቀን ውስጥ በሚመችህ ሰዓት ትገባለህ፤ ብትወድቅም እስከ ሦስት ጊዜ መሞከር ትችላለህ። የሚፈተነው ከ18 እስከ 54 ዓመት ያለ ሰው ነው። 55 የሞላው አይፈተንም።

እንግዲህ ፈታኝ አጠገባችን የለም። ታዲያ ምን አደረግን? ልጅ ለእናቱ፣ ባል ለሚስቱ፣ እህት ለእህቷ መፈተን ጀመረ። "እማዬ፣ አንቺ ዝም ብለሽ ካሜራው ፊት ቁጭ በይ፣ መልሱን እኔ ከጎን ሆኜ እነግርሻለሁ።" ሁሉም ሰው ያደርገዋል አላልኩም፣ አይደለምም። የሚያሳዝነኝ ግን ማድረጉ ብቻ ሳይሆን ወሬው ነው። ቡና ላይ እንደ ጀብዱ ይወራል። "20 ከ20 አመጣሁላት!" ይላል። ሰሚውም ይስቃል፣ "ጎበዝ ልጅ ነው፣ እናቱን የሚረዳ" ይባላል።

ኧረ በሕግ! ይሄ ነገር በአማርኛ ስም አለው። ኩረጃ ይባላል። እኔ ክፍል ውስጥ አጤሬራ ይዞ የተገኘን ልጅ ወረቀቱን ስነጥቀው እናቱ "አበጀህ መምህር" ትለኝ ነበር። ዛሬ ያው ልጅ አድጎ ለእናቱ አጤሬራ ሆኗል፣ እኛም እልል እንላለን።

ሕጉን ቶሎ ልጨርሰው፣ ምክንያቱም ዋናው ነገሬ እሱ አይደለም። ፈተናው ሲጀመር ካሜራው የፊትና የመታወቂያ ፎቶ ያነሳል፣ በመሀልም እያነሳ ይቀጥላል። ያለ ማንም እርዳታ ብቻህን ተፈተን ነው ትእዛዙ። በሐሰት መረጃ ምክንያት ማመልከቻው ውድቅ የተደረገበት ሰው ለ5 ዓመት ዜግነት ማግኘት አይችልም። ዜግነቱ ከተሰጠ በኋላም ቢሆን በማጭበርበር የተገኘ መሆኑ ከተረጋገጠ ሊሻር ይችላል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አበው። ይሄን ሸክም ነው በእናትህ ጫንቃ ላይ አስረህ "ረዳኋት" የምትለው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። እኔን የሚያናድደኝ መንግሥት መታለሉ አይደለም። የተሰረቀችው እናትህ መሆኗ ነው።

ለፈተናው የሚጠናው "ዲስከቨር ካናዳ" የሚባል የመንግሥት መጽሐፍ ነው። በነጻ ይወርዳል፣ 70 ገጽ እንኳ አይሞላም፣ በድምፅ የተቀዳም አለው። ጥያቄው የሚወጣው ከእሱ ነው። ግን ስንቶቻችን ከፍተነዋል? የምናውቀው አፕ ነው፣ በቴሌግራም የሚዞር የጥያቄ ጥርቅም ነው። መልሱ ሐ መሆኑን እናውቃለን፤ ሐ ውስጥ ምን እንደተጻፈ አናውቅም።

እስቲ ስለ ምርጫ የሚያወራውን ምዕራፍ ክፈቱት። ድምፅህ ምስጢር ነው ይላል። ለማን እንደመረጥክ ንገረኝ ብሎ የማስገደድ መብት ያለው ማንም የለም፤ አሠሪህም፣ የሠራተኛ ማኅበርህም፣ የገዛ ቤተሰብህም። መጽሐፉ ቤተሰብን ለይቶ ነው የጠቀሰው። አሁን እኔን መልሱልኝ፦ ባሏ የተፈተነላት ሴት ይሄን ከየት ትስማው? በምርጫው ቀን "ለእገሌ ምረጪ" ሲላት፣ "ድምፄ የራሴ ነው" ማለት እንደምትችል ማን ይንገራት? ያው የተፈተነላት ሰውዬ ነው እንዴ የሚነግራት?

መጽሐፉ ወንድና ሴት በሕግ ፊት እኩል ናቸው ይላል። አንድ ቀን ጁሪ ሆነሽ ቅረቢ የሚል ደብዳቤ ሊመጣ እንደሚችልና ያም የዜጋ ግዴታ እንደሆነ ይናገራል። ሜሪ አን ሻድ ኬሪ የምትባል ጥቁር ሴት እ.ኤ.አ. በ1853 ባርነትን የሚቃወም ሳምንታዊ ጋዜጣ አቋቁማ በካናዳ የመጀመሪያዋ ሴት አሳታሚ እንደሆነች ይተርካል። የባቡር ሐዲዱን የሠሩት ቻይናውያን፣ ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1885 ካለቀ በኋላ፣ በዘራቸው ምክንያት ወደ አገሩ ለመግባት ቀረጥ ይከፍሉ እንደነበረ፣ መንግሥትም በ2006 ይቅርታ እንደጠየቀ ይናገራል። ይሄ ለአንዲት ስደተኛ እናት ተረት ነው? ሌሊት ሆቴል ስታጸዳ አድራ ጠዋት አውቶቡስ የምትጠብቅ ሴት የእነዚያን የባቡር ሠራተኞች ታሪክ ብትሰማ የማይገባት ይመስልሃል? ካንተ ይልቅ ለእሷ ነው የሚገባት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ማንም የማያነሳው። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን ይተዋል። ቢጫ ካርድ ይሰጠዋል፣ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ይሠራል፣ ቤት ይገዛል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም። ስለዚህ እናትህ የካናዳን መሐላ የማለች ቀን በዚህ ዓለም ላይ የሚቀራት ድምፅ አንድ ብቻ ነው፤ የካናዳው። የተወለደችበትን አገር ፓስፖርት አስረክባ የምትቀበለው ነገር ምን እንደሆነ እንኳ ሳታነብ ነው ያስፈረምካት። መሬት ሲሸጥ እንኳ ውል ይነበባል!

መልሳችሁን አውቀዋለሁ። ተራ በተራ ልያዘው።

"እንግሊዝኛዋ ደካማ ነው።" እውነት ነው፣ እዚህ ላይ መንግሥትንም አልምርም። ከአመልካች የሚፈለገው የቋንቋ ደረጃ 4 ነው፣ ለዕለት ኑሮ የሚበቃ ማለት ነው። መጽሐፉ ግን በደረጃ 4 እንግሊዝኛ የተጻፈ አይደለም። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ መዝገበ ቃላት የሚያስከፍት ቃል አለበት። ይሄ ተገቢ አይደለም፣ መጽሐፉ በቀላል ቋንቋ ይጻፍ ብለን ለየወረዳችን የፓርላማ ተወካይ መጮህ አለብን። ግን የቋንቋው ክብደት የሚጠይቀው አስተርጓሚ ነው። ልጅ የተማረው ለዚህ አይደል? መልሱን በጆሮዋ ከማንሾካሾክ መጽሐፉን በአማርኛ ተርክላት።

"ጊዜ የላትም፣ ሁለት ሥራ ነው የምትሠራው።" እሺ። ታዲያ ማን አስቸኮላት? የማመልከቻ ቀነ ገደብ የለም። የቋሚ ነዋሪነት ካርዷ ቢያልፍበትም ነዋሪነቷ ከካርዱ ጋር አያልፍም። ስትዘጋጅ ታመልክት። ሕመም ወይም ሌላ እንዳትፈተን የሚያደርግ ችግር ካለባትም ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ማሳወቅና የተለየ ሁኔታ እንዲመቻችላት መጠየቅ ይቻላል። ሦስቴ ሞክራ ብትወድቅ እንኳ የዓለም ፍጻሜ አይደለም፣ ከሠራተኛው ጋር ቀርባ በቃል የምትጠየቅበት መንገድ አለ። በሩ ክፍት ሆኖ ሳለ በመስኮት የምንገባው ለምንድን ነው?

"እዚህ የተወለዱት ራሳቸው ቢፈተኑ ይወድቃሉ።" ሊወድቁ ይችላሉ። እነሱ ግን አሥራ ምናምን ዓመት ትምህርት ቤት ሲመላለሱ፣ ቤታቸው ራት ላይ ስለ ምርጫ ሲወራ እየሰሙ ነው ያደጉት። እናትህ ያገኘችው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ነው። እሷኑም ነጠቅካት።

ለመሆኑ እንዴት ይጠና? አስተማሪ ነኝና ዝም ብዬ ተቆጥቼ አልሄድም።

መጀመሪያ ለሚሸጥላችሁ ሰው አትክፈሉ። ለማመልከቻው ብቻ ለአንድ አዋቂ ከ600 ዶላር በላይ ይከፈላል፣ ይበቃል። መጽሐፉን አውርዱት፣ ድምፁንም ስልኳ ላይ ጫኑላት፣ አውቶቡስ ላይ ትስማው። በሳምንት አንድ ምዕራፍ ያዙ፣ በቀን 20 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ አታድክሟት። መጀመሪያ በአማርኛ ተርኩት፤ የእንግሊዝኛው ቃል ከዚያ ይምጣ። የምታውቀውን ተጠቀሙ። ቀበሌን፣ ክልልን፣ ፌዴራልን የምታውቅ ሴት የከተማ ምክር ቤትን፣ የፕሮቪንስን፣ የኦታዋን ሥራ ለመለየት ብዙ አይከብዳትም። አሥሩን ፕሮቪንሶችና ሦስቱን ቴሪቶሪዎች በዝርዝር አታሸምድዷት፤ ካርታ ኩሽናው ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ዘመድ የሚኖርበትን ከተማ እያሳያችሁ ጀምሩ። እዚያ አገር ያለው ዘመድ አይጠፋም።

መለማመጃ ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ከምዕራፉ በኋላ። ስትሳሳት "ሐ ነው" አትበሏት፤ "እስቲ ንጉሡ ምን ያደርጋል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩስ?" ብላችሁ መልሳችሁ ጠይቋት። ጥያቄው ቃሉ ተቀይሮ ቢመጣ ሽምደዳ ገደል ይገባል፣ የገባው ሰው ግን አይጠፋበትም። ከዚያ ማውሱን፣ ካሜራውን፣ ጥያቄ ዘሎ መመለስን ቀድማ ትለማመድ። አንዳንዱን የሚጥለው ታሪኩ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ሊሆን ይችላል።

የፈተናው ቀን ክፍሉን ጸጥ አድርጉላት፣ ኮምፒውተሩን ክፈቱላት፣ ከዚያ ውጡ። አዎ፣ አንተም ውጣ። ኩሽና ሄደህ ቡና አፍላ። 45 ደቂቃ ነው፣ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ትወጣለች። 15 አምጥታ ብትወጣ፣ ያ 15 አንተ ካመጣህላት 20 ይበልጣል፣ የሰው ወርቅ አያደምቅምና። 13 ብታመጣ ደግሞ ሁለት ጊዜ ቀርቷታል፣ የከበዳትን ምዕራፍም አውቃችኋል።

መቼም መሐላው ይመጣል። መሐላው "እኔ" ብሎ ነው የሚጀምረው፣ እሱን ማንም አይምልላትም። ድምፅ መስጫው ጋም ብቻዋን ነው የምትቆመው። እስከዚያ ድረስ ሁሉን ነገር ብቻዋን እንድትችለው ማድረግ ነው እርዳታ ማለት።

ስለዚህ የእናታችሁ፣ የሚስታችሁ፣ የእህታችሁ ሊንክ ኢሜይላችሁ ውስጥ የተቀመጠ ካለ፣ ዛሬ ማታ ሊንኩን ተዉትና መጽሐፉን ክፈቱላት። አንድ ምዕራፍ ብቻ ጀምሩ። ያልገባችሁ ምዕራፍ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ በአማርኛ አስረዳለሁ፣ ክፍያ የለውም። መስደብ ለሚፈልግም አስተያየት መስጫው ክፍት ነው።

ሰላም ሁኑ።