የቤት ውስጥ ድብደባና የገበሬ ማኅበር መሪዎች ኃላፊነት

በገጠር አንድ ገበሬ የጎረቤቱን በሬ መትቶ ቢሰብር ጉዳዩ በዚያው ዕለት ለገበሬ ማኅበሩ ይደርሳል። ምስክር ይቆጠራል፤ ካሣ ይወሰናል። ይኸው ገበሬ ሚስቱን ደብድቦ ክንዷን ቢሰብር ግን ነገሩ የቤት ገመና ነው ተብሎ ይሸፈናል። ቢበዛ ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች ተቀምጠው "ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ" ካሉ በኋላ ሴትዮዋን ወደዚያው ቤት ይመልሷታል። ለበሬ የቆመው ዳኝነት ለሰው ሳይቆም የሚቀረው ለምንድነው? ሕጉስ ምን ይላል?

ይህ ጥያቄ ከሁሉ በፊት የሚመለከተው የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ነው። ዛሬ በመንግሥት አጠራር የገጠር ቀበሌ አስተዳደር ቢባልም፣ በብዙ ቦታ ገበሬው በ1967 ዓ.ም. በለመደው ስም ገበሬ ማኅበር ይለዋል። የተደበደበች ሴት ከቤቷ ወጥታ አቤት ለማለት ብትደፍር በመጀመሪያ የምታገኘው የመንግሥት አካል ይኸው ነው። ፖሊሱም ዐቃቤ ሕጉም ዳኛውም ያሉት በወረዳው ከተማ ነው። ስለዚህ ሕጉ ወደ እርሷ መድረሱ ወይም በመንገድ መቅረቱ በአብዛኛው የሚወሰነው በማኅበሩ ደጃፍ ላይ ነው።

የችግሩ ስፋት

የዓለም የጤና ድርጅት በ10 አገሮች አካሂዶ በ1998 ዓ.ም. ይፋ ባደረገው ጥናት ከኢትዮጵያ የተመረጠው የቡታጅራ አካባቢ ነበር። በዚያ ባል አግብተው ከሚያውቁ ወይም ወዳጅ ከነበራቸው ሴቶች መካከል ከ100ው 71ዱ ቢያንስ አንድ ጊዜ በባል ወይም በወዳጅ ተደብድበዋል፣ ወይም ተገደው ግብረ ሥጋ ፈጽመዋል። ጥናቱ ከተካሄደባቸው ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ቁጥር ይህ ሆኖ ተገኝቷል።

በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናትም ትዳር ከያዙ ወይም ይዘው ከነበሩ ሴቶች መካከል ከ100ው 34ቱ ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደደረሰባቸው አመልክቷል። ሁለቱ ጥናቶች በቦታም በአጠያየቅም ስለሚለያዩ አንዱን ከሌላው አወዳድሮ ችግሩ ቀነሰ ወይም ጨመረ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከሁለተኛው ጥናት አንድ ነገር በተለይ ልብ ሊባል ይገባል። ድብደባ ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች መካከል ከ100ው 66ቱ እርዳታ አልጠየቁም፤ ለማንም አልተናገሩም። "በእኛ ቀበሌ እንዲህ ያለ አቤቱታ ቀርቦ አያውቅም" የሚል መሪ እንግዲህ ችግር የለም ብሎ ለመደምደም አይችልም።

ልማዱም የራሱ ድርሻ አለው። ባል በተወሰነ ምክንያት ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ያሉ ሴቶች በ1997 ዓ.ም. ከ100ው 81 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. ወደ 63 ወርደዋል። በዚሁ ዓመት እንዲህ ያሉ ወንዶች 28 ብቻ ናቸው። ተመቺዋ ከመቺው ይልቅ ዱላውን ተገቢ ነው ማለቷ የሚያስገርም ቢመስልም፣ ሴትንና አህያን በዱላ የሚያስተካክል ተረት እየሰማች ያደገች ልጅ ሌላ ነገር እንድታስብ ማን አስተማራት?

ሕጉ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ይደነግግ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግም በትዳር ውስጥ ስለሚፈጸም ድብደባ ለይቶ የተናገረው ነገር አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ባልና ሚስት በጋብቻ ውስጥ እኩል መብት እንዳላቸው ደነገገ። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግም የባልን አዛዥነት አስቀረ። ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ማውጣት ቀጠሉ።

ከሁሉም በላይ መሪዎች ሊያውቁት የሚገባው ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ነው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛው ወይም ያለ ጋብቻ አብራው በምትኖር ሰው ላይ የኃይል ድርጊት ፈጽሞ በአካሏ ወይም በአእምሮ ጤንነቷ ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው፣ በሌላ በማንኛውም ሰው ላይ ጉዳት እንዳደረሰ ሁሉ እንዲቀጣ ያዛል። ከባድ የአካል ጉዳት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። ቀላል የአካል ጉዳት በመሠረቱ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ያስከትላል። ጉዳት ያልተወ የእጅ እልፊት እንኳ በሕጉ ተጠቅሷል።

በሁለቱ መካከል አንድ ልዩነት አለ። ቀላል ጉዳት በመደበኛው ሁኔታ የሚያስከስሰው ተበዳይዋ አቤቱታ ስታቀርብ ነው። ከባድ ጉዳት ግን የእርሷን አቤቱታ አይጠብቅም። ብታዝንለትም፣ ብትፈራውም፣ ዘመድ ቢያስተዋት ክሱ ይቀጥላል።

ሕጉ ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። አስገድዶ መድፈርን የሚመለከተው አንቀጽ 620 "ከጋብቻ ውጪ" በማለቱ ባል ሚስቱን ቢደፍር በዚህ አንቀጽ አይጠየቅም። ደብዳቢው ለተወሰነ ጊዜ ከቤቱ እንዲርቅ የሚያዝ፣ ለዚህ ጉዳይ ተብሎ የተደነገገ የጥበቃ ትእዛዝም የወንጀል ሕጉ ውስጥ የለም። ይህ ክፍተት የአካባቢ መሪዎችን ኃላፊነት ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ዕርቅ የት ላይ ያበቃል?

ሽምግልና የሕዝባችን ትልቅ ሀብት ነው። ሕገ መንግሥቱም ተከራካሪዎቹ ሁለቱም ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በባህል ወይም በሃይማኖት ሕግ እንዲታይ ይፈቅዳል። በወጪ አለመግባባት፣ በዘመድ ጣልቃ ገብነት፣ በመኳረፍ ሽማግሌ ቢገባ የሚደገፍ ነው። የአካል ጉዳት ግን የቤተሰብ ክርክር አይደለም፤ ወንጀል ነው። ማኅበራዊ ፍርድ ቤት ባለበት ቀበሌም ቢሆን እንዲህ ያለውን ክስ የሚዳኘው የወረዳው መደበኛ ፍርድ ቤት ነው።

በሽምግልናው አሠራርም አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ሽማግሌዎች ብዙ ጊዜ "ዳግመኛ ቢመታት ይህን ያህል ብር ይክፈል" ብለው ያስጠነቅቃሉ። ብሩ የሚወጣው ግን ከጋራው ጎተራ ወይም ከጋራው በግ ሽያጭ ነው። እርሷ ተመትታ ቅጣቱን እኩል ትከፍላለች ማለት ነው። ባልየውም ዱላው ዋጋው ስንት እንደሆነ ከማወቅ በስተቀር የተማረው ነገር አይኖርም።

"ባል ቢታሰር ማን ያርሳል?"

መሪዎች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነው፤ ተገቢም ነው። ሴት ሞፈር በማትጨብጥበት አገር ባል በሐምሌ ቢታሰር ማሳው ጦም ያድራል፤ ልጆች ይራባሉ። ሴትዮዋም ዝም የምትለው ዱላውን ወድዳው ሳይሆን ይህንኑ አስልታ ነው። ወደ አባቷ ቤት ብትሄድ መሬቱን የምታጣ ይመስላታል፤ አባቷም "ባልሽ ነው፣ ቻዪው" ብሎ ይመልሳታል።

መልሱም ያለው በማኅበሩ እጅ ነው። በክረምት የታመመን ገበሬ ማሳ በደቦ የሚያርስ ሕዝብ የተደበደበችን ሴት ማሳ ለማረስ አያቅተውም። ካልሆነም መሬቱ በእኩል እንዲታረስላት ማድረግ ይቻላል። መሬቱም የባል ብቻ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ሴቶች በመሬት ላይ እኩል መብት እንዳላቸው ይናገራል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅም የጋራ ይዞታ ደብተር በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ ደንግጎ ነበር። በአማራ ክልል በተሰጡት ደብተሮች ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ከቤት ሸሽታ የወጣች ሴት ፎቶግራፏ ከደብተሩ ላይ አልወጣም። ይህን በግልጽ የሚነግራት መሪ ግማሽ ፍርሃቷን አስወገደላት ማለት ነው። ፍቺ ብትጠይቅ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ መሠረት ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪያልቅ ስለ ቀለብ፣ ስለ ልጆች አያያዝና ስለ ንብረት አስተዳደር ወዲያውኑ ትእዛዝ ይሰጣል። ከሁለቱ አንዱ ከቤት መውጣት ካለበትም የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳውን ወገን ሁኔታ ይመለከታል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው ተግባር

አንደኛ፣ ተበዳይዋ ስትመጣ ባሏና ዘመዶቹ በሌሉበት ለብቻዋ ማነጋገር፤ የመጣችበትን ቀንና የተናገረችውን በመዝገብ መጻፍ።

ሁለተኛ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ መላክ። ቁስል ይድናል፤ እብጠት ይጠፋል፤ የሐኪም ማስረጃ ግን ይቀራል። የተመታችበት ዱላና ደም የነካው ልብስ ሳይታጠብ ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ለወረዳው ፖሊስ ደብዳቤ ጽፎ አብሯት የሚሄድ ሰው መመደብ። ብቻዋን የተላከች ሴት ከመንገድ ላይ ተለምና የምትመለስበት ጊዜ ብዙ ነው።

አራተኛ፣ የምታድርበትን ቤት ማመቻቸት። ወደ ቤቷ ልትመለስ ትፈልግ እንደሆነ እርሷን መጠየቅ እንጂ ስለ እርሷ መወሰን አይገባም።

አምስተኛ፣ ባል በቂም ከብቱን እንዳይሸጥ፣ መሬቱን እንዳያከራይ መከታተል።

ስድስተኛ፣ መሪው ራሱ ሚስቱን የሚመታ ከሆነ ከላይ የተጻፈው ሁሉ ከንቱ ነው። የቀበሌው ሴቶች የመሪያቸውን ቤት ጠንቅቀው ያውቁታል፤ አቤቱታቸውንም ወደዚያ አያመጡም።

"ይህ ሁሉ ትዳር ያፈርሳል" የሚሉ አይጠፉም። ትዳሩን ያፈረሰው ግን ዱላው ነው፤ ሕጉ የሚመጣው ከፈረሰ በኋላ ነው። ሴትዮዋ ሦስት ጊዜ ታርቃ ተመልሳ በአራተኛው አስከሬኗ ቢወጣ፣ ባልየው ወደ ወህኒ፣ ልጆቹ ወደ ዘመድ ደጅ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ያ ቤት በእርግጥም ይዘጋል። በመጀመሪያው ቀን ለወረዳው የተጻፈች አንዲት ደብዳቤ የሴትዮዋን ሕይወት ብቻ ሳይሆን የባልየውንም ልታተርፍ ትችላለች።